ከቀለሙ በፊት ወስፌ

የእህቴን የግቢ በር ገፍቶ የገባ ሰው ሳያስነጥስ አይወጣም። ኮልፌ ነው የምትኖረው። እሑድ ጠዋት ከሄዳችሁ በርበሬው ሰሌን ላይ ተሰጥቶ፣ ሁለት ሴቶች ዱካ ላይ ተቀምጠው ዛላውን እየቀነጠሱ፣ ከወፍጮ የተመለሰው ሽሮ በረንዳው ላይ እየተናፈሰ ታገኟታላችሁ። ባልትና ከጀመረች 20 ዓመት አልፏታል።

ያን ዕለት የጠራችኝ ግን ለበርበሬ አልነበረም። የዩኒቨርሲቲ የ2ኛ ዓመት ተማሪ የሆነችው ልጇ ሦስት ሌሊት ቁጭ ብላ ለእናቷ ድረ ገጽ ሠርታለች። እኔ ደግሞ በጋዜጣ ቤት ውስጥ የድረ ገጽ ነገር በተነሣ ቁጥር «እሱን ጠይቁት» ስባል የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ፣ እንደ ሽማግሌ ተጠርቼ መሄዴ ነው።

«ጋሼ፣ ይዩልኝ እስኪ» ብላ ላፕቶፗን ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

ገጹ ሲከፈት መጀመሪያ የመጣው ማሲንቆ ነው፤ ማንም አጫውት ሳይለው። ሙሉውን ስክሪን የሞላ የቀይ በርበሬ ፎቶ ከኋላ አለ፤ በላዩ ላይ ቢጫ ጽሑፍ። «እንኳን በደህና መጡ» የሚል መስመር ከቀኝ ወደ ግራ ይሮጣል። ስድስት ፎቶዎች እየተፈራረቁ ይንሸራተታሉ። የሽሮው ዋጋ የታለ ብዬ ወደ ታች ወረድኩ፤ አገኘሁት፣ ግን እሱም ፎቶ ነው። በሌላ ፕሮግራም፣ በሚያምር ፊደል ተጽፎ፣ ዙሪያውን ሐረግ ተሥሎበት የተለጠፈ። እውነቱን ለመናገር ያምራል። ልጅቷ እጇ ወርቅ ነው።

እናቷ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ከማድቤት መጣች። «ላፕቶፑን ተዉትና በዚህች አሳዩኝ» አለች ስልኳን እያቀበለችን። «የእኔ ደንበኞች ያላቸው ይኼ ነው።»

በስልኳ ከፈትነው። ነጭ ገጽ፣ መሐሉ ላይ የምትሽከረከር ክብ። ቡና ተቀዳ። ክቧ ትሽከረከራለች። ከበርበሬው ፎቶ የላይኛው ሩብ ብቅ እንዳለ የአጭር መልእክት ድምፅ ተሰማ፤ የዕለቱ የዳታ ጥቅል አልቋል።

«ቆንጆ ነው የኔ ልጅ» አለች እህቴ ስልኳን ወደ ኪሷ እየመለሰች። «ግን በርበሬዬን ሳያዩት ብራቸው አለቀ።»

ከዚያ በኋላ ቁጭ ብለን መዘንነው። ገጹ 31 ሜጋባይት ነበር። ከስልኩ ካሜራ እንደወጡ የገቡት 7 ፎቶዎች፣ የጀርባውን ጨምሮ፣ እያንዳንዳቸው 4 ሜጋባይት ያህል ይወስዳሉ፤ ቀሪው ማሲንቆው ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ ይህ አሁን የምታነቡት ጽሑፍ በሙሉ 40 ኪሎባይት አይሞላም፤ ያውም እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት እየወሰደ፣ የእንግሊዝኛው ግን 1 ብቻ። ስለዚህ አንዱ የበርበሬ ፎቶ ብቻውን እንዲህ ያለ ረጅም ጽሑፍ መቶ ጊዜ ቢደመር ያህል ይከብዳል።

ድረ ገጽ ሲወለድ እንዲህ ያለ ሸክም አልነበረበትም። ቲም በርነርስ ሊ ጄኔቭ አጠገብ ባለው ሰርን በሚባለው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ውስጥ ሐሳቡን ያቀረበው በ1989 እ.ኤ.አ. ነው። በ1991 ለውጭው ዓለም ያስተዋወቃት የመጀመሪያዋ ገጽ ጥቂት አንቀጾችና ሊንኮች ብቻ ነበረች። ፎቶ የለ፣ ቀለም የለ፣ ሙዚቃ የለ። ሰርን በኋላ ወደ ጥንት አድራሻዋ ስለመለሳት ዛሬም ትከፈታለች። ለእህቴ ልጅ አሳየኋት።

«ይኼ ዲዛይን ነው?» አለች።

ጥያቄዋ አግባብ ነው። ገጿ አታምርም። ነገር ግን ከ30 ዓመት በላይ ቆይታ፣ የተጻፈችበት ኮምፒውተር ሙዚየም ገብቶ እንኳ፣ የዛሬው ብሮውዘር ያለ ችግር ያነባታል። በዚያ ዘመን የተፈጠሩት ብዙዎቹ ጌጦች ግን ሞተዋል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ኔትስኬፕ የተባለው ብሮውዘር ጽሑፍን ብልጭ ድርግም የሚያደርግ ምልክት አውጥቶ ነበር። የድርጅቱ ፕሮግራመር ሉ ሞንቱሊ ነገሩ በመጠጥ ቤት ጨዋታ መካከል እንደተጀመረና እሱ ራሱ ኮዱን እንዳልጻፈው ይናገራል። ምልክቱ ሲያሰለች ኖሮ፣ ፋየርፎክስ በ2013 ሲያስወጣው አንድም የሚያለቅስለት አልተገኘም። የእህቴ ልጅ የምታስሮጠው «እንኳን በደህና መጡ» የእሱ የአክስት ልጅ ነው።

መጀመሪያ መበሳቱ

ልጅ ሳለሁ በአያቴ አገር አንድ ቁም ጸሐፊ ሲሠሩ ቁጭ ብዬ አይ ነበር። የምጠብቀው ሰውየው ቀለም ነክረው መጻፍ እስኪጀምሩ ነበር። እሳቸው ግን ቀለሙን አይነኩትም። ብራናውን ዘርግተው በወስፌ ዳርና ዳሩን እኩል እኩል እያራራቁ ይበሳሉ። ከዚያ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ቀለም በሌለው ሹል ነገር መስመር ያሰምራሉ። ዓምዱ የት እንደሚጀምር፣ ኅዳጉ ምን ያህል እንደሚቀር፣ በገጹ ስንት መስመር እንደሚሆን አንድ ፊደል ሳይጻፍ ያልቃል። የድሮ ብራና ብርሃን ላይ ብትይዙ ቀዳዳዎቹን ዛሬም ታዩዋቸዋላችሁ።

ይህን ስነግራት የእህቴ ልጅ ላፕቶፗን ከደነች። ደብተር አወጣንና እናቷን ጠራናት።

«እትዬ፣ ሰው ደውሎ ምን ምን ነው የሚጠይቅሽ?»

ሳታመነታ ቆጠረችልን። ሽሮው ኪሎው ስንት ገባ? የጾም ነው? በርበሬው ያቃጥላል ወይስ ለስላሳ ነው? ቤታችሁ በየት በኩል ነው? ቅዳሜ ትከፍታላችሁ? አሜሪካ ለሚሄድ ሰው አሽጋችሁ ታዘጋጃላችሁ? «ማሲንቆ አላችሁ ወይ» ያላት ደንበኛ በ20 ዓመት ውስጥ አልገጠማትም።

እነዚያ ስድስት ጥያቄዎች የገጹ ብስ ሆኑ። በጥያቄዎቹ ብዛት ቅደም ተከተል አደረግናቸው፤ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ዋጋ ስለሆነ ከላይ ወጣ። በተቃራኒው የእህቴ ልጅ የመጀመሪያ ገጽ የሚጀምረው «ስለ እኛ» በሚል አራት አንቀጽ ነበር። ጀማሪ ሁሉ እንዲህ ያደርጋል፤ እኔም አድርጌዋለሁ። በ1997 ጃኮብ ኒልሰንና ጆን ሞርክስ ሰዎች በድረ ገጽ ላይ እንዴት እንደሚያነቡ ባጠኑ ጊዜ፣ ከተፈተኑት ሰዎች 79 በመቶዎቹ አዲስ ገጽ ሲያዩ በዓይናቸው ይቃኛሉ እንጂ ቃል በቃል አያነቡም ነበር። ወደ ገጹ የመጣው ሰው ገበያ እንደገባ ሰው ነው፤ የሚፈልገውን እስኪያገኝ ድረስ የማንንም የሕይወት ታሪክ አይሰማም።

ከደብተሩ ወደ ኮዱ ስንመለስ አንድ ያረምኩላት ነገር ነበር። ርዕሶቿን ሁሉ የሠራችው ተራውን ጽሑፍ በማተለቅና በማድመቅ ነው። ለዓይን ርዕስ ይመስላል፤ ለብሮውዘሩ ግን ትልቅ ተራ ጽሑፍ ነው። ድረ ገጽ የሚጻፍበት ኤችቲኤምኤል ለዋናው ርዕስ፣ ለንዑስ ርዕስ፣ ለአንቀጽ፣ ለዝርዝር፣ ለሠንጠረዥ የየራሱ ምልክት አለው። ዓይነ ስውር ሰው ጽሑፉን በድምፅ በሚያነብለት ስክሪን አንባቢ ሲገባ ከርዕስ ወደ ርዕስ እየዘለለ የሚፈልገውን ክፍል የሚያገኘው፣ ጉግልም ገጹ ስለ ምን እንደሆነ የሚረዳው በእነዚህ ምልክቶች ነው። ምልክቱ ነገሩ ምን እንደሆነ ይናገራል፤ ምን እንደሚመስል የሚናገረው ሲኤስኤስ ነው። ሁለቱን የመለየት ሐሳብ ሆኮን ቪዩም ሊ በ1994 ካቀረበው ጊዜ ጀምሮ አልተለወጠም። ለጀማሪ ከሁሉ የሚበልጠው ልማድ ይኼ ይመስለኛል፤ መጀመሪያ ያለ ሲኤስኤስ ጽፎ፣ ገጹ ራቁቱን ሲነበብ ትርጉም የሚሰጥ መሆኑን አይቶ፣ ከዚያ ማልበስ።

ፊደላችን በሣጥን ውስጥ

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። ዋጋውን ለምን በፎቶ እንዳደረገችው ስጠይቃት «ፊደሉ እንዳይበላሽ ብዬ ነው» አለችኝ። የ20 ዓመት ልጅ የእኔን ዘመን ፍርሃት ከየት እንደወረሰችው አላውቅም።

የእኔ ዘመን ፍርሃት እውነተኛ ነበር። ያኔ የአማርኛ ሶፍትዌሮች ፊደላችንን የሚያስቀምጡት ለላቲን ፊደል በተሠራው ቦታ ላይ ነው። ቦታው 256 ብቻ ስለሆነና የግዕዝ ፊደል ከነዝርያው ስለማይገባበት፣ አንዱ ሠሪ ፊደሎቹን ከፋፍሎ በቁርጥራጭ ይገጥማቸዋል፣ ሌላው ሁለት ፎንት አድርጎ ይከፍላቸዋል። ሁሉም የየራሱ ሠንጠረዥ ነበረው። የአንዱን ፎንት የሌለው አንባቢ «ሰላም» የተባለውን የእንግሊዝኛ ፊደልና የገንዘብ ምልክት ተቀላቅሎበት ያየዋል። በዚያን ጊዜ የምሠራበት ጋዜጣ ዜናውን ድረ ገጽ ላይ አውጣልኝ ሲለኝ መላው ቀላል መሰለኝ። የታተመውን ገጽ እያነሣሁ በፎቶ መለጠፍ ጀመርኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ! ፊደሉ አልተበላሸም፤ ግን አንድም ሰው ፈልጎ አላገኘውም። ፎቶ ውስጥ ያለ ቃል ለፈላጊው ማሽን ቃል አይደለም። የዚያን ሁለት ዓመት ዜና ዛሬ በርዕሱ ብትፈልጉት የለም፤ ጥፋቱም የእኔ ነው።

ነገሩ የተፈታው ለዓለም ፊደላት የየራሳቸውን ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለኢትዮጵያ ፊደል 384 ቦታ ያለው የራሱን ክፍል ሰጠው። ያን ቁጥር በባይት የሚያስቀምጠው ዩቲኤፍ-8 የሚባለው አጻጻፍ ደግሞ ከዚያ በፊት፣ በ1992፣ ኬን ቶምሰንና ሮብ ፓይክ ኒው ጀርዚ ውስጥ እራት እየበሉ የነደፉት ነው። በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ንያላ የተባለውን ፎንት ይዞ ሲመጣ፣ አንባቢው ፎንት አውርድ የሚባልበት ዘመን ማለቅ ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ አንድሮይድ ስልኮች ግን ከዚያም በኋላ አማርኛን በባዶ ሣጥን ሰልፍ ነበር የሚያሳዩት። በሙያው እነዚያን ሣጥኖች ቶፉ ይሏቸዋል፤ አራት ማዕዘን ሆኖ በሚቆረጠው የእስያ ምግብ ስም። ጉግል ለዓለም ፊደላት ሁሉ ያሠራው ፎንት ኖቶ የተባለውም «ኖ ቶፉ» (ቶፉ ይቅር) ከሚለው ነው።

ስለዚህ ለእህቴ ልጅ ያልኳት ይኼን ነው። ገጹ በዩቲኤፍ-8 መጻፉን የምትናገረውን መስመር ከራስጌው መጀመሪያ ላይ አድርጊ፤ ደንቡ በመጀመሪያዎቹ 1024 ባይቶች ውስጥ ትገኝ ይላልና። ቋንቋው አማርኛ መሆኑን በምልክቱ ንገሪው፤ ያን ጊዜ ብሮውዘሩ ልተርጉምልህ ሲል አይሳሳትም፣ ስክሪን አንባቢውም አማርኛውን በእንግሊዝኛ ምላስ አያነበንበውም። የዋጋውን ፎቶ ጣዪና በጽሑፍ ጻፊው።

ፎንቱንስ? እሷ ሦስት የጌጥ ፎንቶች ከኢንተርኔት ጠርታ ነበር። የግዕዝ ፎንት የመቶዎች ፊደል ቅርጽ ስለሚሸከም ለደንበኛው ዳታ ቀላል አይደለም። ስልኩ ውስጥ ያለው ፎንት በቂ ነው፤ በጣም ካማረሽ ለርዕሱ አንድ ብቻ ጥሪ አልኳት። ተወችው።

ከውጭ አገር የዲዛይን መጽሐፍ ስንማር የምንሳሳተው ሌላ ነገር አለ። መጽሐፉ «አጽንዖት ለመስጠት ፊደሉን ዘንበል አድርጉት፤ ለርዕስ ትልልቁን ፊደል ተጠቀሙ» ይላል። እኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለንም። ዘንበል ያለ ፊደልም በልማዳችን የለም፤ ብሮውዘሩ ስታዝዙት ቆሞ የነበረውን ፊደል በግድ ያጋድመዋል፣ ያን ጊዜ «ለ» ነፋስ የመታው ጎጆ ይመስላል። የእኛ ጸሐፍት ለዚህ መልስ ነበራቸው፤ ቀይ ቀለም። የእግዚአብሔርን፣ የእመቤታችንን፣ የቅዱሳንን ስም፣ የምዕራፉን መግቢያ በቀይ ይጽፋሉ፤ ሌላው ሁሉ ጥቁር ነው። በጥቁር መካከል ብርቅ ስለሆነ ነው ቀዩ የሚታየው። በሲኤስኤስ ውስጥ አጽንዖት የሚያጋድም ሳይሆን የሚያደምቅ ወይም ቀለም የሚለውጥ እንዲሆን ማዘዝ የአንዲት መስመር ሥራ ነው።

ፊደላችን ቁመቱ ሞላ ያለ ስለሆነ መስመር ከመስመር እንዳይፋተግም ማራራቅ ያሻል። ለላቲን የተለመደው 1.5 እጥፍ ነው፤ እኔ ለአማርኛ 1.7 እወዳለሁ፣ የፊደሉንም መጠን ከ16 ፒክስል ወደ 18 ከፍ አደርጋለሁ። ይህ የእኔ ዓይን ፍርድ ነው፤ በእርጅና የተነሣ ሊሆንም ይችላል።

እግረ መንገዴን፤ «ዓመት» እና «አመት»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሐይ» ለእኛ አንድ ናቸው፣ በገጽ ላይ ቃል ፈልግ ለተባለ ብሮውዘር ግን የተለያዩ ቃላት። የቱ ትክክል ነው የሚለው ክርክር ለሊቃውንቱ ይቆየንና፣ አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው በእሱ መጽናት ነው።

ጋቢ እንጂ ኮት አይደለም

ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ በረንዳውን ሲለቅ ወደ ስልኩ ተመለስን። አይፎን በ2007 ሲወጣ ብሮውዘሩ እያንዳንዱ ገጽ 980 ፒክስል ስፋት እንዳለው ቆጥሮ አሳንሶ ያሳይ ነበር፤ ያኔ የነበሩት ገጾች ለኮምፒውተር የተሰፉ ነበሩና። የገጹ ስፋት የስልኩ ስፋት ይሁን ብላ የምታዝዝ አንዲት መስመር አለች፤ ቪውፖርት ይሏታል። ጀማሪ ሲረሳት ጽሑፉ ጉንዳን ያህላል፤ አንባቢው በሁለት ጣቱ እየለጠጠ ግራና ቀኝ ይንከራተታል። የእህቴ ልጅ ረስታታለች። በረሳችው ቦታ ስትጽፋት ገጹ ዓይኗ እያየ ሲነፋ «ይኼ ብቻ ነበር እንዴ?» አለች።

ይኼ ብቻ አልነበረም። የዋጋውን ሠንጠረዥ 1200 ፒክስል ብላ ልክ ቆርጣለት ነበር፤ ከስልኩ ጠርዝ ወጥቶ ተንጠለጠለ። ለአንድ ሰው ተለክቶ የተሰፋ ኮት ለሌላው አይሆንም፤ ጋቢ ግን ለረጅሙም ለአጭሩም ይሆናል። ኢታን ማርኮት በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ረስፖንሲቭ ብሎ የሰየመው የአሠራር ዘዴ በሌላ አነጋገር ጋቢ ነው። ስፋትን በፒክስል ሳይሆን በመቶኛ፣ ፎቶን «ከያዘህ ነገር አትብለጥ» ብሎ ማዘዝ፣ ስክሪኑ ሲሰፋ ብቻ ሁለት ዓምድ ማድረግ። ለአንድ ገጽ ከዚህ በላይ ብዙ አያስፈልግም።

ቀለሙ ላይ ትንሽ ተጨቃጨቅን። ቢጫው በበርበሬው ላይ ለእሷ ያበራል። ስልኩን ይዛ ወደ ፀሐዩ እንድትወጣ አደረግኳት። ግቢው መሐል ቆማ ስክሪኑን በእጇ እየከለለች ብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያ ዝም ብላ ተመለሰች።

ለዚህ ልክ አለው። የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያው የጽሑፉ ብርሃን ከጀርባው ብርሃን ቢያንስ 4.5 ለ1 እንዲለይ ይጠይቃል፤ ለትልልቅ ጽሑፍ 3 ለ1 ይበቃል። ጥቁር በነጭ ላይ 21 ለ1 ነው። ንጹሕ ቢጫ በንጹሕ ቀይ ላይ 3.7 ላይ ይቆማል፤ በነጭ ላይማ 1 ከምናምን ነው፣ የለም ማለት ይቻላል። ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ቀዩን ነው፤ ደማቁ ቀይ በነጭ ላይ 4 ለ1 ብቻ ስለሆነ ለደቃቅ ጽሑፍ ይወድቃል። ጠቆር ያለው፣ የደለህ በርበሬ የሚመስለው ቀይ ግን 10 ለ1 ይደርሳል። ርዕሶቹን በእሱ አደረግናቸው፤ ሌላው ጥቁር በነጭ ሆነ። ፎቶ ላይ መጻፍ ፈጽሞ ቀረ። ፎቶ አንዱ ጥጉ ብሩህ፣ አንዱ ጨለማ ስለሆነ የትኛውም ቀለም አያሸንፈውም።

ፎቶዎቹ ከ7 ወደ 3 ወረዱ። ከየአንዳንዱ 4000 ፒክስል ስፋት 1200 ብቻ አስቀርተን ስናስቀምጠው 4 ሜጋባይቱ ወደ 120 ኪሎባይት ገደማ ሆነ፤ በስልኩ ላይ ልዩነቱን እህቴም እኔም ልናየው አልቻልንም። ከሥራቸው ፎቶው ባይመጣ እንኳ የሚነበብ አጭር መግለጫ ጻፈችላቸው። መጀመሪያ «ፎቶ 1» ብላ ነበር። እናቷ «የተፈጨ ሽሮ በሰፌድ ላይ» አለቻት። እንዲህ ነው የሚጻፈው። ቁመትና ስፋታቸውም ኮዱ ላይ ተመዘገበ፤ አለዚያ ፎቶው ዘግይቶ ሲደርስ ጽሑፉን ወደ ታች ይገፋውና ሰው ሊነካ የነበረውን ትቶ ሌላ ይነካል።

ማሲንቆው ሄደ። እኔም ቅር አለኝ።

ስልክ ቁጥሩ ፎቶ ውስጥ ስለነበረ ሲነኩት አይደውልም ነበር። አሁን ሲነካ የሚደውል ሊንክ ሆነ፤ በ09 ሳይሆን በ+251 የሚጀምር፣ ከሜሪላንድ የሚደውለውም እንዲደርስ። አውራ ጣት የማትስተው ሰፊ ቁልፍ አደረገችው። «እዚህ ይጫኑ» የሚሉት ሊንኮች ሁሉ ስማቸውን አገኙ፤ «የዛሬ ዋጋ»፣ «ለመንገደኛ ማሸግ»። አድራሻው ላይ ካርታው ብቻ አይበቃም አልን። የሰፈሩ ሰው የሚያውቀው ወፍጮ ቤቱን ነው፤ «ከወፍጮ ቤቱ ወረድ ብሎ፣ አረንጓዴ በር» የሚለው ከካርታው በላይ ተጻፈ።

በቀኑ ጉዳይ ግን ሁላችንም ልንሳሳት ነበር። ከዋጋው ሥር «የታደሰው 2017» ብላ ጽፋ ነበር። እዚህ ላለነው የሚገርም ነገር የለበትም። ቨርጂኒያ የተወለደ ልጅ ግን ለእናቱ ሊያዝዝ ሲገባ የስምንት ዓመት ዋጋ ነው ብሎ ገጹን ይዘጋዋል። ዓመተ ምሕረቱንም የፈረንጁንም አብረን ጻፍን። ሰዓቱን በተመለከተ ጠንቃቃ ነን ብለን «ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት» አልን፤ ጠዋትና ምሽት መባሉ ማንንም አያሳስትም ብለን።

ማታ ላይ ገጹ በሙሉ 400 ኪሎባይት አልሞላም። ጎረቤት ያለች፣ ስለ ነገሩ ምንም የማታውቅ ሴት ጠርተን የራሷን ስልክ አስይዘን «የበርበሬውን ዋጋ አግኚና ደውዪ» አልናት። ዝም ብለን አየናት። ይህን ለማድረግ አፍን መያዝ ከባድ ነው፤ የእህቴ ልጅ ሁለት ጊዜ «ወደ ታች—» ልትል ስትል ክርኗን ነካሁት። ሴትየዋ ዋጋውን ወዲያው አገኘችው፤ መደወያውን ግን አላየችውም፣ ከገጹ ግርጌ ነበርና። መደወያው ወደ ላይ ወጣ። እህቴ ወጥ ቤት ሆና ስልኳ ሲጮኽ ሳቀች።

በሳምንቱ እህቴ ደወለችልኝ። ሌሊት 6 ሰዓት አልፎ ስልኳ ጮኸባት። ሰው ሞተ ብላ ደንግጣ ስታነሣው ከሜሪላንድ ነው፤ ሁለት ኪሎ ሽሮና አንድ ኪሎ በርበሬ ለመንገደኛ።

«በዚህ ሰዓት?» ብትላት፣ «እትዬ፣ እዚህ እኮ ገና ከቀኑ 11 ሰዓት ነው፤ ገጻችሁ እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ክፍት ነን ይላል» አለቻት።

እህቴ መብራቱን አብርታ፣ ብዕር አጥታ፣ ትእዛዙን በዓይን ኩሏ ግድግዳው ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ ጠርዝ ጻፈችው። ልጇ ጠዋት ተነሥታ ሁለት ቃል ጨመረች፤ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር»። ቁርስ ሳትበላ ተመልሳ አሰበችና አጠፋቻቸው፤ «በአዲስ አበባ ሰዓት» አለችው።